ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የከተማውን ደንብ ጠይቁ

ወደ አዲስ ከተማ ሊገባ የተዘጋጀ ሰው የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው። ኪራዩ ስንት ነው? ሰፈሩ ሰላም ነው? ትምህርት ቤቱ ይርቃል? ትራንስፖርቱስ? «በዚህ ቤት፣ በዚህ መንገድ ላይ የማይፈቀደው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። አዲስ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መኪናዬን በራሴ በር ፊት ለፊት አቁሜ አደርኩ። ጠዋት ስወጣ ቦታው ባዶ ነው። ተሰረቅኩ ብዬ ስልክ ሳወጣ አንዲት ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ በመስኮት ብቅ ብለው «ዛሬ እኮ መንገዱ የሚጠረግበት ቀን ነው፣ ጎታች መኪና ወስዶት ነው» አሉኝ። ምልክቱ ነበር። ከመንገዱ ጫፍ፣ ከቤቴ ስድስት ቤት ርቆ። ቅጣቱን ከፈልኩ፣ የጉተታውን ከፈልኩ፣ መኪናው ለዋለበት ግቢም ከፈልኩ።

ያን ቀን ያበሳጨኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለእኔ የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ደላላው አልነገረኝም፣ አከራዩ አልነገረኝም፣ ውሉ ላይም አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አብዛኛው የከተማ ደንብ የሚይዘን በአድራሻችን በኩል ነው። ስለዚህ ደንቡን የማወቂያው ጊዜ ዕቃ ካስገባን በኋላ ሳይሆን ቤቱን ስንመርጥ ነው። የኪራይ ውል ላይ ስትፈርሙ፣ ያላያችሁት ሌላ ወረቀት ላይም አብራችሁ እንደፈረማችሁ ቁጠሩት።

መጀመሪያ ስለ ምን እያወራን እንደሆነ እንግባባ። አገር ሕግ አለው፤ ስለ ስርቆት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ግብር። ያ በየትኛውም ከተማ ብትኖሩ ብዙ አይለያይም። ከዚያ በታች ደግሞ ከተማው ራሱ የሚያወጣው ደንብ አለ። የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ያስፈጽመዋል፣ ደንብ አስከባሪው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ይቆጣጠረዋል። ቆሻሻ በየትኛው ቀን ይወጣል፣ ሙዚቃ ከስንት ሰዓት በኋላ ይቀነሳል፣ መኪና የት ይቆማል፣ ግቢ ውስጥ ዶሮ ማርባት ይቻላል ወይ፣ አጥሩ ምን ያህል ይረዝማል፣ ሳሎኑን ከፍሎ ተጨማሪ ክፍል ማውጣት ይፈቀዳል ወይ፣ ቤት ውስጥ ፀጉር መሥራት ይቻላል ወይ። በየቀኑ የሚነካን ይኼኛው ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ ጎረቤቱ ከተማ ስትሻገሩ ይለወጣል። አንዳንዴ እዚያው ከተማ ውስጥ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ነው።

ከተማ የፈለገውን ሁሉ መደንገግ ግን አይችልም። ሥልጣኑን የሚሰጠው የበላይ ሕግ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ደንቡ ይወድቃል። ይህ የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በርሊን እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ኪራይ ጣሪያ አወጣች (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ተከራይ ኪራዩ ቀነሰለት፣ ተደሰተ። በሚያዝያ 2021 የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት «ስለ ኪራይ የመደንገግ ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው፣ የበርሊን አይደለም» ብሎ ሕጉን ሻረው። ያን ጊዜ ኪራይ የተቀነሰላቸው ሰዎች ልዩነቱን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የመክፈል ዕዳ መጣባቸው። ገንዘቡን ያላነካኩ ከፈሉ። ያወጡት ተጨነቁ። ስለዚህ አንድ ደንብ የሚጠቅማችሁ ቢሆንም እንኳ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ እንዳለ ከሰማችሁ፣ ያተረፈላችሁን ገንዘብ ለጊዜው ባትነኩት ይሻላል።

አሁን ይህን ጉዳይ የማነሳበት ምክንያት አለኝ። ደንቦች እየበዙ ብቻ ሳይሆን አስከባሪው እየተለወጠ ነው። ድሮ ደንብ አስከባሪው ሰው ነበር። አዲስ መሆናችሁን ካየ «ለዛሬ ይለፋችሁ፣ ሁለተኛ እንዳይለምዳችሁ» ሊል ይችላል። ማስጠንቀቂያው ራሱ ትምህርት ነበር። አሁን ግን በብዙ ከተማ ካሜራ ተተክቷል። ካሜራ አዲስና ነባር አይለይም። በዚያ ላይ ጥፋታችሁን ወዲያው አይነግራችሁም። ደብዳቤው የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያንኑ ስህተት በየቀኑ ስትደጋግሙት ትከርማላችሁ።

የጣሊያን ከተሞችን እንይ። ብዙዎቹ መሃል ከተማው ላይ ዜድቲኤል የሚባል የተገደበ የትራፊክ ቀጠና አላቸው። ፈቃድ ያለው የአካባቢው ነዋሪ ይገባል፣ ሌላው በተከለከለው ሰዓት አይገባም። መግቢያው ላይ በር የለም፣ ጠባቂ የለም። ምልክትና ካሜራ ብቻ። አንድ ሰው ሳያውቅ በሦስት ቀን ቢገባ ሦስት ቅጣት ሊመጣበት ይችላል። ለንደን ከ2003 ጀምሮ መሃል ከተማ ለሚገባ መኪና ታስከፍላለች። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ጭሳቸው ከደረጃ በላይ የሆኑ መኪኖች የተለየ ክፍያ አለባቸው፤ ይኼኛው በነሐሴ 2023 መላውን ለንደን እንዲሸፍን ተደረገ። ሜክሲኮ ሲቲ ከ1989 ጀምሮ በሰሌዳው የመጨረሻ ቁጥር እየለየች ብዙ መኪኖችን በሳምንት አንድ ቀን ከመንገድ ታስቀራለች። መኪናችሁን ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፓርኪንግ አለው ወይ?» አይደለም። «ይህ መኪና እዚህ መንገድ ላይ መንዳት ይፈቀድለታል ወይ?» ነው። ከዚያ በኋላ ፓርኪንጉ ይመጣል፤ የነዋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ፣ ለአንድ ቤት ስንት ፈቃድ ይሰጣል፣ ተራ መጠበቅ አለ ወይ። አዲስ የተሠሩ አፓርታማዎች ላይ ደግሞ ነዋሪው የመንገድ ፓርኪንግ ፈቃድ ጨርሶ እንዳያገኝ የተወሰነባቸው አሉ። ይህን ቤቱን ሲያስጎበኟችሁ አይነግሯችሁም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስዳችሁ እንድታጣሩት የምለምናችሁ ግን ቤቱ ራሱ ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ ነው። ከተሞች መሬታቸውን በዞን ይከፍላሉ። ይህ ለመኖሪያ፣ ያ ለንግድ፣ ያኛው ለፋብሪካ። ነገሩ የመጣው በምክንያት ነው። ኒው ዮርክ በ1916 ያወጣችው ደንብ በአሜሪካ መላውን ከተማ የሸፈነ የመጀመሪያው ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያለቀ ግዙፍ ሕንፃ በዙሪያው ያሉትን መንገዶችና ቤቶች ፀሐይ ስለነሳቸው ሰው ተማሮ ነበር። በ1926 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በኦሃዮ ግዛት ከምትገኝ ዩክሊድ የምትባል ትንሽ ከተማ በመጣ ክርክር፣ ከተሞች እንዲህ የመከፋፈል ሥልጣን እንዳላቸው አጸና።

ለእኛ ለነዋሪዎቹ ይህ ምን ማለት ነው? ቤታችሁ ያለው በመኖሪያ ዞን ከሆነ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ምግብ አብስሎ መሸጥ፣ የጎረቤት ልጆች ተቀብሎ በክፍያ መዋያ መክፈት፣ ልብስ መስፋት፣ መኪና መጠገን ፈቃድ ሊጠይቅ ወይም ጭራሽ ሊከለከል ይችላል። ብዙ ከተማ ቤት ውስጥ የሚሠራን ሥራ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል። ደንበኛ በብዛት አይመላለስ፣ ከውጭ ትልቅ ማስታወቂያ አይለጠፍ፣ ከቤተሰቡ ውጭ ሠራተኛ አይቀጠር፣ ሽታና ጫጫታ አይውጣ። ይህ ለአዲስ ገቢ በተለይ ከባድ ነው፤ ሥራ እስኪገኝ ድረስ እጅ ላይ ባለ ሙያ ቤት ውስጥ መጀመር የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነውና። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ብቻ ቤቱን ስትመርጡ ሥራውንም አስባችሁ ምረጡ። ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ያለው ቤት ይፈቀድለት ይሆናል።

«እኛ የምንገባበት ከተማ ዞን የሚባል ነገር የለውም» የሚል ሰው ያጋጥማችሁ ይሆናል። በቴክሳስ ያለችው ሂዩስተን በዚህ የታወቀች ናት። ግን እዚያም ብዙ ሰፈር ከቦታው ሰነድ ጋር የተያያዘ ገደብ አለበት። ቤቱን የገዛ ሰው ገደቡንም አብሮ ይገዛል፣ ከተማዋም ራሷ ያንን ገደብ ፍርድ ቤት ሄዳ ታስከብራለች። ደንብ የለም የተባለበት ቦታ ላይ ደንቡ ሌላ ወረቀት ውስጥ ተጽፎ ይሆናል።

የክፍል ነገር ደግሞ አለ። ርካሽ ክፍል ስንፈልግ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ምድር ቤት፣ ጋራዥ ወይም ከጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ነው። አከራዩ ራሱ ከፋፍሎ ያወጣው ሊሆን ይችላል። ለመኖሪያ የሚሆን ክፍል ግን በደንብ ይለካል፤ የጣሪያው ከፍታ፣ የመስኮቱ ስፋት፣ ከሁሉም በላይ አደጋ ሲመጣ የሚወጣበት ሌላ መንገድ። ይህ የቢሮ ጣጣ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2021 አይዳ የተባለችው ማዕበል ቅሪት ኒው ዮርክ ላይ ከባድ ዝናብ ባወረደ ጊዜ፣ በከተማዋ ከሞቱት አብዛኞቹ ምድር ቤት ክፍሎች ውስጥ ጎርፍ የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ክፍሎች ለመኖሪያ አልተፈቀዱም ነበር። ኪራይ ርካሽ ስለሆነ እዚያ የሚኖሩት ደግሞ በአብዛኛው ስደተኞች ናቸው። እንደኛው ሰው።

ይህን ሳስብ የሚያመኝ ሌላም ነገር አለ። ከተማው እንዲህ ያለ ክፍል ሲያገኝ የሚሰጠው ትእዛዝ «ልቀቁ» ነው። አከራዩ ይቀጣል፣ ግን ሻንጣውን ይዞ የሚወጣው ተከራዩ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት ወይም ካያችሁ በኋላ አድራሻውን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። «በዚህ አድራሻ ስንት መኖሪያ ቤት ተፈቅዷል?» በሉ። አንድ ከተባላችሁና እናንተ ሦስተኛው ተከራይ ከሆናችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

በቀን የማከራየት ነገርም እዚሁ ላይ ይነሳል። ቤት በብድር ገዝቶ «አንዱን ክፍል ለእንግዳ በቀን እያከራየሁ ብድሩን እከፍላለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን የከተሞች ደንብ በፍጥነት እየጠበቀ ያለው እዚህ ላይ ነው። አምስተርዳም በዓመት ከ30 ሌሊት በላይ ቤትን ለቱሪስት ማከራየት ትከለክላለች። ለንደን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ከ90 ሌሊት አይለፍም። ፓሪስ 120 ቀን የነበረውን ከ2025 ጀምሮ ወደ 90 አወረደችው። ኒው ዮርክ ከመስከረም 2023 ወዲህ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ፣ እንግዳው ባለበት ጊዜ አከራዩም እዚያው ቤት እንዲኖር፣ እንግዶቹም ከሁለት እንዳይበልጡ ማስከበር ጀምራለች። ባርሴሎና ደግሞ ከ10,000 በላይ የቱሪስት አፓርታማዎች ፈቃድ በ2028 ሲያበቃ አላድስም ብላለች። ዛሬ የተፈቀደው ነገ ሊከለከል ይችላል። በብድር ላይ ያለ ሰው ይህን ገቢ ዋና መተማመኛው ባያደርገው እመክራለሁ።

አሁን ወደ ምዝገባ ልሂድ፣ ምክንያቱም ቀኑ ከገባችሁባት ሰዓት ጀምሮ ይቆጠራል። በብዙ አገር አዲስ አድራሻን ለማዘጋጃ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጀርመን ውስጥ ሁለት ሳምንት ነው፣ ከአከራዩ የተፈረመ ማረጋገጫም ይጠየቃል። ጃፓን 14 ቀን። ኔዘርላንድስ ቤት ከቀየራችሁ በኋላ 5 ቀን ብቻ። ዕቃ ሳይፈታ የሚያልፍ ጊዜ ነው ይሄ። ምዝገባው ደግሞ ለከተማው ጥቅም ብቻ አይደለም፤ የባንክ ሒሳብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የመኪና ፓርኪንግ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቅድም ያልኩት የካሜራ ቅጣትም እንዲሁ። አድራሻ ካልቀየራችሁ ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ድሮው ቤት ነው። እናንተ ሳታዩት የመክፈያው ቀን ያልፍና ቅጣቱ ላይ ቅጣት ይጨመራል።

አንዳንድ አከራይ «ቤቱን ተከራዩ፣ ግን እዚህ አድራሻ እንዳትመዘገቡ» ይላል። ይህን ከሰማችሁ ብዙ አትከራከሩ። ሌላ ቤት ፈልጉ። አንድ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ግብሩን፣ ወይ የክፍሉን ፈቃድ፣ ወይ ራሱ ተከራይ ሆኖ ሳለ ሳያስፈቅድ ማከራየቱን።

ቆሻሻ ቀላል ነገር ይመስላል። አዲስ ገቢን ከጎረቤት ጋር ቶሎ የሚያጣላው ግን እሱ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከ1995 ጀምሮ ነዋሪው በጣለው መጠን እንዲከፍል ታደርጋለች። አከፋፈሉ በከረጢቱ ነው። የተፈቀደውን ከረጢት ገዝታችሁ በእሱ ትጥላላችሁ፣ ከረጢቱ ላይ የወረዳው ስም ታትሟል። ወረዳ ስትቀይሩ የድሮው ከረጢት ዝም ብሎ አያገለግልም። የምግብ ትርፍራፊ ለብቻው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ2009 የምግብ ትርፍራፊን ለኮምፖስት፣ ሪሳይክል የሚሆነውን ለብቻ መለየትን የሁሉም ነዋሪ ግዴታ አደረገች። በሌላ ቦታ ደግሞ ቆሻሻው የሚወጣበት ሰዓት ሳይቀር ተወስኗል፤ ማታ ካወጣችሁት አይጥና ውሻ ይበትነዋል ተብሎ ጠዋት ብቻ ይፈቀዳል፣ ወይም በተቃራኒው። የድሮ ሶፋና ፍራሽ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር በብዛት የሚጥለው እሱን ነው፣ በብዛት የሚቀጣውም በእሱ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ብቻ ሳይሆን ከምትለቁት ከተማም ከመውጣታችሁ በፊት «ትልቅ ዕቃ የሚወሰደው መቼ ነው፣ ቀጠሮ ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መንገድ ዳር ትታችሁት ብትሄዱ አድራሻችሁ ያለበት አንድ ፖስታ ውስጡ ከተገኘ ይደርሳችኋል።

በጃፓንና በጀርመን የኖሩ ሰዎች አንድ የሚሉት ነገር አለ፤ ቆሻሻ መለየትን ተማሩ፣ ጎረቤት ያከብራችኋል። እውነት ነው። ቋንቋውን ባትችሉ እንኳ በዚያ ትግባባላችሁ።

የድምፅ ደንብ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። «ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት እስከሆነ ድረስ ማንም አይጠይቀኝም» ይላል። የጀርመን ከተሞች በአብዛኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ጸጥታ ይጠይቃሉ፤ እሑድን ግን ቀኑን ሙሉ ጭምር። እሑድ ከሰዓት ግድግዳ መብሳት እዚያ ያስጠይቃል። በሌላ ከተማ ሰዓት ብቻ ሳይሆን መጠኑም በዴሲቤል ይለካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዴሲቤል እንደ ሜትር እኩል እኩል አይጨምርም። 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፣ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ ያህል ይሰማል። ስለዚህ «በትንሹ ነው ያለፈው» የሚባል ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከቤት ውጭ ያለው ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ ይላል። በጣም ዝቅ ያለ ነው። እንግዳ የምትጠሩ፣ ሠርግና ልደት ቤታችሁ የምታከብሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጎረቤቶቻችሁን አንኳኩ። ደንቡ ላይ ሁሌም አይጻፍም፣ ግን አቤቱታ የሚያቀርበው ጎረቤት ነው፣ ካሜራ አይደለም። እዚህ ጋ አሁንም ሰው ለሰው መነጋገር ይሠራል።

ስለ ውሻና ድመት አጭር ነው። አስመዝግቡ፣ አስከትቡ፣ ውጭ ሲወጣ በገመድ ያዙ፣ ያረከሰውን አንሡ። ኒው ዮርክ ይህን የመጨረሻውን በ1978 ግዴታ ካደረገች ወዲህ ብዙ ከተማ ተከትሏል። አንዳንዱ ከተማ የተወሰኑ የውሻ ዝርያዎችን ይከለክላል፣ በአንድ ቤት ስንት እንስሳ እንደሚፈቀድም ይወስናል። ውሻችሁን የምትወዱ ከሆነ ይህን ከመኪና በፊት አጣሩት፤ መኪና ይሸጣል።

ወቅት እየጠበቁ የሚመጡ ደንቦችም አሉ። በረዶ የሚጥልባቸው ከተሞች ከቤት ፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ የመጥረግ ግዴታ በባለቤቱ ላይ ይጥላሉ። ኒው ዮርክ በረዶው ቀን ላይ ካቆመ አራት ሰዓት ብቻ ነው የምትሰጠው። አከራያችሁ ይህን ግዴታ በውሉ ወደ እናንተ አዙሮት እንደሆነ እዩ። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የውሃ ገደብ ይመጣል። ኬፕታውን በየካቲት 2018 ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቅዳ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የማይታይ ደንብ አንድ ማለዳ ሥራ ላይ ይውላል።

እስካሁን የጻፍኩትን ስታነቡ ደንብ ሁሉ ለመቅጣት የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። አዲስ ገቢዎች በብዛት የማናውቀው የሚጠብቀንን ነው። ኒው ዮርክ ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 31 አከራይ ቤቱን እንዲያሞቅ ታስገድዳለች። ቀን ላይ ውጭው ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ቤት ውስጥ ቢያንስ 20 መሆን አለበት፣ ሌሊት ደግሞ ውጭው ምንም ይሁን ምን ወደ 17። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ደርበው የሚያድሩ ቤተሰቦች አሉ፤ መብት መሆኑን ስለማያውቁ ወይም አከራዩ ያስወጣናል ብለው ስለሚፈሩ። ሌሎች ከተሞችም የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲገጠም፣ ሻጋታ እንዲጠገን፣ ቁልፍ እንዲቀየር፣ መያዣ ገንዘብ በተወሰነ ጊዜ እንዲመለስ ይደነግጋሉ። በብዙ ቦታ አቤቱታ ያቀረበን ተከራይ በብቀላ ማስወጣት ራሱ የተከለከለ ነው። ደንቡን ስትጠይቁ ይህንንም ጨምራችሁ ጠይቁ።

በአፓርታማ ለሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከከተማው ደንብ ሌላ የሕንፃው የራሱ ደንብ አለ፣ የነዋሪዎች ማኅበር ያወጣው። ከዚያ ደግሞ ውላችሁ አለ። ሦስቱ የተለያየ ነገር ይላሉ። ከተማው ውሻ ይፈቅዳል፣ ሕንፃው ትንሽ ውሻ ብቻ ይላል፣ ውሉ ጭራሽ ይከለክላል። በተግባር የሚያዝባችሁ በጣም ጥብቁ ነው። ለዚህ ነው «ጓደኛዬ እዚያው ከተማ እየኖረ ያደርገዋል» የሚለው የማይሠራው። የጓደኛችሁ ሕንፃ ሌላ ነው።

ታዲያ ከየት ይገኛል? ከኢንተርኔት ወሬ አይደለም። ስለ ከተሞች አስገራሚ ሕጎች የሚዞረው ወሬ ብዙው የተሳሳተ ነው። ሲንጋፖርን ውሰዱ። ማስቲካ ማኘክ ያስቀጣል ይባላል። በ1992 የተከለከለው ግን ማስገባቱና መሸጡ ነው፣ ከ2004 ወዲህም ለሕክምና የሚሆነው ዓይነት በፋርማሲ ይሸጣል። ማኘኩ አይደለም የሚያስቀጣው፣ መንገድ ላይ መትፋቱ ነው። ወሬው እውነቱን ነካ ያደርገዋል፣ የሚያስቀጣው ዝርዝር ላይ ግን ይስታል።

ትክክለኛው ቦታ የከተማው ድረ ገጽ ነው። ብዙ ከተማ ደንቡን ሙሉውን ያወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ አድራሻ ስታስገቡ ዞኑን፣ የቆሻሻ ቀኑን፣ የፓርኪንግ ቀጠናውን የሚያሳይ ካርታ አለው። ስታነቡ የተሻሻለበትን ቀን እዩ። ሙሉውን ደንብ ለማንበብ አትሞክሩ፣ ማንም አይጨርሰውም። አድራሻውን ይዛችሁ ስልክ ደውሉ። ከዚያ ቀን ላይ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ መንገዱን በእግር ሂዱበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምልክቶቹን አንብቡ። ያኔ ስድስት ቤት ብራመድ ኖሮ እኔም አይቼው ነበር። በር ላይ የቆመ ጎረቤት ካገኛችሁ ሰላም ብላችሁ «እዚህ ሰፈር አዲስ ሰው የሚቀጣው በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደዚህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ደስ ብሎት ይናገራል። ደላላና አከራይ የነገሯችሁን ደግሞ በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ አጭር መልእክት ይበቃል።

ከተሞችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም የሚለው አባባል ትክክል ነው። ግን አባባሉ ሊታወቅ የሚችል ደንብ አለ ብሎ ነው የሚነሳው። ነዋሪው ለመመዝገብ በገዛ እግሩ ማዘጋጃ ቤት ይመጣል። ያን ቀን የሰፈሩን ደንብ በሚገባው ቋንቋ በአንድ ገጽ ቢሰጡት ምን ይከብዳል? ፎርሙን ተቀብሎ ማኅተም መምታት ብቻ በቂ አይደለም። በአሁኑ አሠራር ብዙ የሚቀጣው ቋንቋው ያልገባው፣ ሥራ ላይ ውሎ ማታ የሚገባ፣ የሚጠይቀው ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ይህ ይቆጨኛል። እናንተ ቀድማችሁ የገባችሁ ሰዎች ለአዲሱ ጎረቤት የቆሻሻውን ቀን ብትነግሩት ከአንድ ቅጣት ታድኑታላችሁ።

ቅጣት ከመጣባችሁ ደግሞ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ ቀኑን ፈልጉ። የመክፈያው ቀን አለ፣ የይግባኙ ቀን አለ፣ ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ቶሎ ለከፈለ ቅናሽ የሚሰጥ ከተማ ብዙ ነው። በብዙ ቦታ ግን ከከፈላችሁ ጥፋቱን እንዳመናችሁ ይቆጠርና ይግባኙ ያበቃል። ስለዚህ ልትከራከሩ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ወስኑ። በዚያው ቀን ወደ ቦታው ተመለሱና ምልክቱን ፎቶ አንሡ። ዛፍ ከጋረደው፣ ከወደቀ፣ ወይም ሁለት ምልክት የሚጋጭ ነገር የሚል ከሆነ ይህ ማስረጃችሁ ነው፤ በማግስቱ ሊስተካከል ይችላል። አስተርጓሚ የማግኘት መብት ካለ ደብዳቤው ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።